የሦስት ቁጥር ማራገቢያ ንዝረት

በካርቶን ፋብሪካው ውስጥ የልጅቷን አባት በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «ጋሼ ጆሮ» ነው የሚለው። ይህ ስም የወጣለት ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ለዚያ ሰፊ ፊት ያነሰ ጆሮ ነው ፈጣሪ የሰጠው። ሥራው ግራሶ መቀባት ነው። ከማሽን ማሽን ሲዞር የካቻቢቴውን ጫፍ ዘንጉን በሚሸከመው ኩሽኔታ ላይ ያሳርፍና፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ብይኑን ይሰጣል፤ «ይሄ ጠምቶታል»፣ «ይሄኛው ብሎኑ ላልቷል»፣ «ይሄ ደግሞ ከእኔም ከእናንተም ጤነኛ ነው»። ይሳሳት ነበር ወይ? አዎ፣ አንዳንዴ። ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የተሳሳተባቸውን ቀናት በጣት ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል።

ልጁን ብቻውን ነው ያሳደጋት። እናቷ የሞተችው እሷ ፊደል ሳትቆጥር ነው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የሚጎነጉንላት እሱ ነበር፤ ግራሶው ከጥፍሩ ሥር አልለቅ ስለሚል የክፍል ልጆች «ማሽን ማሽን ትሸቻለሽ» ይሏት ነበር። ሌላ ልጅ ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ እሷ ግን ትኮራበት ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ስትወጣ ሌላ ቦታ ሥራ አልፈለገችም። የአባቷ ፋብሪካ በር ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እሷ ነበረች።

ፋብሪካው የንዝረት መመርመሪያ መሣሪያ ገዝቶ አንድ ሰው ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሊልክ ሲል ምርጫው እሷ ላይ ወደቀ። ጎበዝ ስለሆነች ነው የሚሉ ነበሩ፤ ሌላ ሰው እሺ ስላላለ ነው የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም እውነት ነው። ስትመለስ መሣሪያውን በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ከሱ በወጣው ገመድ ጫፍ ላይ አውራ ጣት የምታህል ማግኔት ያላት ሴንሰር ይዛ ገባች። ሴንሰሯን ኩሽኔታው ላይ ትለጥፋታለች፤ መሣሪያው የማሽኑን ንዝረት ይመዘግብና በስክሪኑ ላይ በመስመር ይሥለዋል። የላላ ብሎን በአንድ ቦታ፣ የተጣመመ ዘንግ በሌላ ቦታ፣ የታመመ ኩሽኔታ ደግሞ በሌላ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከላይ ቀይ መስመር አለ፤ ከሱ በላይ ያለፈ ማሽን ይቆማል።

አባትየው ቅር ይለዋል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰማው የነበረው ነገር መልኩ ይሄ ነው?» አለ። ሰርግ የተጠራ ይመስል ደስ አለው። በማድረቂያ ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ካርቶን ላይ ሙቅ አየር የሚነፉ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ አራት ማራገቢያዎች አሉ። በማግስቱ ነጭ ቀለምና ቀጭን ቡሩሽ ይዞ መጣና፣ ሴንሰሯ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንድታርፍ በያንዳንዱ ኩሽኔታ ላይ ትንሽ ክብ ሣለላት። በየሳምንቱ ማክሰኞ እሷ ትለካለች፤ እሱ ከኋላዋ በካቻቢቴው ያዳምጣል፤ ከዚያ ያመሳክራሉ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ሥራዎን ልትቀማዎት ነው እኮ» ይላል በያጁ። በያጁ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከእጁ እሳት ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው ነበር። ልጅቷንም «እስክሪን» የሚል ስም ያወጣላት እሱ ነው።

«ትቀማኝ! ለባዳ ከምሰጠው!» ይላል አባትየው።

እነዚያ ስድስት ወራት የሁለቱም ምርጥ ዘመን ነበሩ። ልጅቷ ዛሬም የምትለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ዓመታዊ ጥገናው መጣ። ፋብሪካው አሥራ አንድ ቀን ቆሞ ኩሽኔታዎች ተቀየሩ፣ ብሎኖች ጠበቁ፣ ማራገቢያዎቹ ታጠቡ። በዚያ ግርግር መካከል ጭነት የያዘ ጋሪ በሴንሰሯ ላይ ሄደባትና ሰነጠቃት። መጋዘኑ ሌላ ሰጣት። መልኳም መጠኗም ያው ነው። ልጅቷ ገመዱን ሰክታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፋብሪካው በተነሳ በመጀመሪያው ማክሰኞ ሁሉንም ማሽን ለካች። ሁሉም ጸጥ ያለ ነበር። ድሮ እንደ ጋራ ከፍ ዝቅ ይል የነበረው መስመር ዛሬ መሬት ላይ ተኝቷል። ይህ ለምን ሊያስጠረጥራት ይችላል? አሥራ አንድ ቀን የተለፋው ማሽኖቹ እንዲህ ጸጥ እንዲሉ አይደል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የጥገና ኃላፊው ከጥገናው በፊትና በኋላ ያሉትን ሥዕሎች ጎን ለጎን አሳትሞ፣ እሷንም አስፈርሞ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፋቸው።

አባትየው ግን ከሦስት ቁጥር ማራገቢያ አጠገብ አልንቀሳቀስ አለ። ካቻቢቴውን አንስቶ እንደገና አስቀመጠ።

«ይሄ ይስላል» አለ። «አዲስ ኩሽኔታ ነው፤ ግን ይስላል። ኃላፊውን እንዲያቆመው እነግረዋለሁ።»

ልጅቷ ተመልሳ ነጩ ክብ ላይ ሴንሰሯን ለጠፈች። ሦስት ቁጥር ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከቀይ መስመሩ ግን የትና የት። በያጁና ሌሎች ሦስት አራት ሠራተኞች ከበው ያያሉ። እውነቱን እንናገርና፣ ኮራ ብላለች።

«አባዬ፣ እየው። አዲስ ኩሽኔታ እስኪላመድ እንዲህ ያደርጋል። በደንብ ጤነኛ ነው።»

አባትየው ስክሪኑን አየ፤ ልጁን አየ። «እንዲህ ከሆነ እሺ። ጆሮም ያረጃል» አለና ካቻቢቴውን በኋላ ኪሱ ከተተው። ለኃላፊውም ምንም ሳይናገር ቀረ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጅቷ ገና መለካት ሳትጀምር፣ በያጁ ከሦስት ቁጥር ሦስት እርምጃ ርቆ የመሰላል መደገፊያ ይበይድ ነበር። ኩሽኔታው ነደደ፤ ዘንጉ ተሰበረ፤ የማራገቢያው ምላጭ የብረት ሽፋኑን ቀዶ ወጣ። ይህ ሁሉ የሆነው ሰው «እ» እስኪል ድረስ ባለው ጊዜ ነው። በያጁ ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን ከአንጓው ላይ ተቆርጦ ቀረ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኩሽኔታው እንደ ከሰል ጠቁሮ ተገኘ። ኮሚቴው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ሥሩን ሲፈልግ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የልጅቷን ሥዕል አገኘ። ከሳምንት በፊት ማሽኑ ጤነኛ ነበር፤ ማስረጃው ይኸው፣ ተፈርሞበታል። ስለዚህ ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማሽኑን የሚነካው ግራሶ የሚቀባው ሰው ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አባትየው ተጠራ።

«ግራሶ ሰጥተኸው ነበር?» ተባለ።

ሰጥቶታል። አደጋው በደረሰበት ጠዋት እንኳን ሰጥቶታል። ሥዕሉን ግን ፊቱ አስቀመጡለት። ብዙ አየው፤ ከታች ጥግ ላይ ያለውን የልጁን ፊርማም አየ።

«ረስቼው ይሆናል» አለ።

«ይሆናል ነው ወይስ ነው?»

«ነው።»

ፈረመ። በዕድሜው ብዛት ከሥራ አልተባረረም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ጽዳት ተዛወረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ውስጥ «ጋሼ ጆሮ» የሚለው ሰው ጠፋ። ሁሉም በስሙ ይጠራው ጀመር።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ አባቷ በእርጅና የረሳ መስሏት አዘነችለት። ማዘን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሁለቴ ተቆጥታዋለች፤ «ለምን ማስታወሻ አትይዝም?» ብላ። ይህን ዛሬ ስታስታውስ ራሷን በጥፊ መምታት ያምራታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሴንሰሯን በጨርቅ ስትወለውል በጎኗ ላይ የተቀረጸች ደቃቅ ቁጥር አየች። አሥር ትላለች። የአሮጌዋ መቶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አሮጌዋ ሴንሰር «መቶ» ብላ የምትናገረውን ንዝረት አዲሷ «አሥር» ብላ ነው የምትናገረው። መሣሪያው በራሱ ይህን አያውቅም፤ ለኪው ገብቶ የሴንሰሩን ቁጥር ሊጽፍለት ይገባል። ልጅቷ አልጻፈችም። መሣሪያው መቶ የምትለዋን አሮጌዋን የሚሰማ መስሎት፣ የሁሉንም ማሽን ሕመም በአሥር ከፍሎ ነበር ያሳያት።

የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። የዚያን ማክሰኞ መዝገብ ከፍታ ትክክለኛውን ቁጥር ጻፈች። መስመሮቹ ተነሱ። ሦስት ቁጥር ላይ ልክ በኩሽኔታው ቦታ የእሾህ ረድፍ የሚመስል ነገር ቀይ መስመሩን አልፎ ቆመ። አባቷ «ይስላል» ያለው ይህን ነበር።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ አባቷ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። አልደነገጠም። መተኮሻውን አቆመና ወንበር ሳበላት።

«አውቄያለሁ» አለ። «ቁጥሩን አይደለም፤ ቁጥር እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ወይ ወረቀቱ ወይ ጆሮዬ ዋሽቷል። ጆሮዬ እንዳልዋሸ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ፣ አባዬ?»

«እኔ ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ነው የቀረኝ። አንቺ መጀመርሽ ነው። እኔ አልረሳሁም ብል ወረቀቱ ውሸት ነው ማለት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ነገ ጠዋት ሄጄ እናገራለሁ።»

«አትናገሪም።»

«እናገራለሁ!»

«አባቴ ይሙት አልናገርም በዪ።»

እምቢ አለች። አለቀሰች። እሱ ግን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «በዪ፣ የኔ ልጅ» እያለ ደጋገመው። በመጨረሻ አለች። እዚህ ላይ የሚደበቅ ነገር አይኖርም፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከለቅሶዋ ሥር አንድ ነገር እፎይ ብሏል። ወጣት ናት፣ ፈሪ ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ሁለት ዓመት አለፈ። አባትየው ጡረታ ወጣ፤ የስንብት ሻይ አልተዘጋጀለትም። እሷ በየማክሰኞው ትለካለች፤ ከመጀመሯ በፊት የሴንሰሯን ቁጥር ሦስት ጊዜ ታያለች። «ጥንቁቅ» የሚል ስም አተረፈች። ለአዳዲስ ሠራተኞች ምሳሌ ተደርጋ ስትጠቀስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

በያጁን ፋብሪካው የበር ጠባቂ አድርጎት ነበር። ሁለት ወር ሠርቶ ትቶ ሄደ።

ከዚያ አባትየው ታመመ፤ ሳንባው ነው አሉ። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሞተ። ለቀብሩ ጎረቤቶች መጡ። ከአራት መቶ የፋብሪካ ሠራተኞች የመጡት ሁለት ናቸው፤ እነሱም ኋላ ቆመው ቀድመው ሄዱ። ሠላሳ አንድ ዓመት የእያንዳንዱን ማሽን ጉሮሮ ሲያረጥብ የኖረ ሰው፣ የሰው እጅ ያስቆረጠ ሰነፍ ተብሎ ተቀበረ። ልጅቷ አፈሩ ሲወርድ እያየች «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትል ነበር። የሰሙት ኀዘን ያናወዛት መሰላቸው።

አባቴ ይሙት ብላ ነበር የማለችው። አባቷ ሞቷል። በሳምንቱ መሣሪያውን ይዛ የጥገና ኃላፊው ቢሮ ገባች፤ መዝገቡን ከፍታ በተሳሳተውም በትክክለኛውም ቁጥር አሳየችው። ኃላፊው ሁለቱንም እያስተያየ አየ።

«ሰውየው አርፏል» አለ በመጨረሻ። «ፋይሉ ተዘግቷል። ለማን ብለሽ ነው?»

«ለስሙ» አለች።

ሁለት ገጽ ጻፈች፤ ፈረመች። ከወር በኋላ የተስተካከለው ውሳኔ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ እሷም ከመለካት ሥራ ተነስታ ወደ መለዋወጫ መጋዘን ተዛወረች። ሰዎች ቆም ብለው አነበቡት፤ «አይ ጋሼ ጆሮ» አሉ፤ ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ስሙ ተመልሶለታል፤ ሲጠሩት አቤት የሚለው ሰው ግን የለም። እሷንም የሚሰድባት እንኳን አልተገኘም። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

የቀራት አንድ ሰው ነው። ሁለቱን ሥዕሎች አሳትማ በአንድ እሑድ ጠዋት ወደ በያጁ ቤት ሄደች። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ሚስቱ ሥራ ነበረች። በሩን በግራ እጁ ከፈተ፤ ከስቷል፤ ቤት ውስጥ በነጠላ ጫማ ነው። ጠረጴዛው ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ ቢላዋ አለ፤ በአንድ እጅ ሽንኩርት ለመክተፍ ራሱ ያበጀው ነው።

«አባትሽ ሞተ አሉ» አለ። ነፍስ ይማር አላለም።

«አዎ።»

ተቀመጪ እስኪላት አልጠበቀችም፤ ብትጠብቅ ተመልሳ ትሮጥ ነበር። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሙያ ሰው ነውና ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«የቱ ነው እውነቱ?»

«ሁለቱም አንድ መዝገብ ናቸው። ይሄኛው እኔ ቁጥሩን ሳልቀይር ያሳየኋችሁ ነው። ይሄኛው ማሽኑ የተናገረው ነው።»

በያጁ ጣቱን እሾሆቹ ላይ አሳረፈ። «ግራሶ ሰጥቶት ነበር?»

«በዚያው ጠዋት።»

«ረሳሁት ብሎ ፈረመ እኮ።»

«ለእኔ ብሎ ነው።»

ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ይመታኛልም ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ወደ በሩ ማየት ጀመረ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር» አለ።

«ማን?»

«አባትሽ። አንቺ ሥራ ላይ በምትሆኚበት ሰዓት። ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሹን እሰማለሁ። አልከፍትለትም። ትንሽ ቆሞ ይወርዳል። አምና አንድ ቀን ከፈትኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ 'ልጄ፣ በኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ' አለኝ። ጋሼ እርስዎ ስለው የኖርኩትን ሰው ምን አልኩት መሰለሽ? 'አንተ ሽማግሌ፣ እጄን መልስልኝና ይቅር እልሃለሁ' አልኩት።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ይህን አባቷ አንድም ቀን አልነገራትም። እሷ ለሁለት ዓመት ዝም ስትል፣ እሱ እነዚያን ደረጃዎች ላልሠራው ጥፋት ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል።

«'እውነትህን ነው' ብሎኝ ወረደ» አለ በያጁ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ መጣ። አልከፈትኩም። እስኪታመም ድረስ መጣ። አንድም ቀን አልከፈትኩም።» በቀኝ ክንዱ ጉማጅ ፊቱን ጠረገ። «እስከ ዛሬ የያዝኩት እሱን መጥላቴን ነበር። አሁን ምን ልያዝ?»

«ይቅር በለኝ» አለች ልጅቷ፤ ከወንበሯ ተንሸራትታ እግሩ ሥር ልትወድቅ።

«ተነሽ። አንቺ ጋ ገና አልደረስኩም። መጀመሪያ ከሱ ጋር ልጨርስ።» ከአልጋው ሥር ቆዳ ጫማውን በእግሩ ስቦ አወጣና አጠለቀው። ማሰሪያውን በግራ እጁ ሊይዝ ሞከረ፤ አመለጠው፤ እንደገና ሞከረ። ለወትሮው የምታስርለት ሚስቱ ናት። «የት ነው የተቀበረው? ታሳዪኛለሽ?»

«አሳይሃለሁ።»

«እንግዲያው እሰሪልኝ» አለና እግሩን ዘረጋላት። «ጠበቅ አድርጊው፤ በመንገድ እንዳይፈታብኝ።»

ተንበረከከችና አሰረችለት። ላላ ስላለባት ፈትታ እንደገና አሰረችው፤ እሱም እስክትጨርስ ጠበቃት።